በልክ የተሰፋ መብራት

የሳሎኑ አምፖል ሲበራ አዛውንቱ ከሶፋው ይነሱና፣ «እኔ እንኳ ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው ወደ መኝታ ክፍል ይገቡ ነበር። እንቅልፍ እንዳልመጣባቸው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ጨለማው ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ገርበብ ባለው በር የሳሎኑን ወሬ ያዳምጣሉ፤ አንዱ ቀልድ ጣል ሲያደርግ የእሳቸውም ሳቅ ከውስጥ ይሰማል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ ቀን ቀን የሩቅ ታፔላ ሳይቀር ማንበብ ጀምረዋል፤ ማታ ላይ ግን ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል እንደ መርፌ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ፣ «ከጊዜ ጋር ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን ላይጠፋ ይችላል» ብሏቸዋል። እሳቸው ነገሩን በራሳቸው ሙያ ተርጉመውታል፦ «ይህቺ አምፖል አጭር መብራት የሚባል ነገር አታውቅም። ረጅሙን ለቃ ፊት ለፊት የምትመጣ መኪና ናት። መንገድ ለቀቅኩላት።»

ቤተሰቡ ያልሞከረው የለም። አዛውንቱ ከመኝታ ክፍል ብቅ ሲሉ አንዱ ሮጦ አምፖሉን ያጠፋል፤ የልጅ ልጃቸው መጽሐፏን ሰብስባ ኩሽና ትገባለች፤ የቀረው ሰው ከመስኮት በሚገባው የመንገድ መብራት ጥላ ለጥላ ይተያያል። ደካማ አምፖል ገዝተው ነበር፤ ሳሎኑ መጋዘን መሰለ፤ ዓይናቸውን መውጋቱንም አልተወም። የጠረጴዛ መብራት አመጡ፤ ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ዓይኑ ትይዩ ሆነ፤ ገመዱም እግራቸውን ጠልፎ ሊጥላቸው ምንም አልቀረው።

ረቡዕ ዕለት አዛውንቱ ስልክ አንስተው ለወንድ ልጃቸው ደወሉ። «እሁድ ጠዋት መኪናህን ይዘህ ና። ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

ሴት ልጃቸው ከጎን ክፍል ሆና ሰማች። ቤታቸው ማለት ብቻቸውን የሚኖሩበት፣ ደረጃው የጠበበና የጨለመ ፎቅ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ወድቀው፣ ጎረቤታቸው ከገበያ እስክትመለስ ድረስ መነሳት አቅቷቸው ቆይተዋል። ወደ እሷ ቤት ያመጣቻቸውም በዚያ ምክንያት ነበር። እሁድ ከሄዱ የሚመለሱት ወደዚያው ደረጃ ነው። ሆኖም አልተከራከረቻቸውም። አባቷን በክርክር የረታ ሰው የለም፤ የትራፊክ ፖሊስም ቢሆን።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ሙያውን የጀመረችው አንድ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እዚያ ለዓመታት የግራ እጅጌ ብቻ ሰፍታለች። ቀኙን የሚሰፋው ሌላ ሰው ነበር። አንድ ቀን፣ «ሙሉ ሰው ማልበስ አማረኝ» ብላ ወጣችና መንገድ ዳር ያለችውን የቤቷን የፊት ክፍል ሱቅ አደረገቻት። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ሜትር» ይላታል፤ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። አባቷ ዓይናቸውን በታከሙ ቀን ሐኪም ቤት መተላለፊያው ላይ ቆማ ሳለ አንድ ሽማግሌ በአክብሮት ጠጋ ብለው፣ «ዶክተር፣ የእኔ ተራ አልደረሰም?» አሏት። ሜትሩ የልብ ማዳመጫ መስሏቸው ነው። «ተራዎን እንኳ አላውቅም» አለቻቸው፤ «ግን የኮትዎ ግራ ትከሻ ወድቋል። ሲጨርሱ ወደ እኔ ብቅ ይበሉ።» ብቅ አሉ፤ ትከሻውም ተነሳ።

አሠራሯ የታወቀ ነው። ልክ የምትወስደው ከሰውየው ገላ እንጂ ሰውየው ይዞት ከመጣው አሮጌ ልብስ አይደለም። ስትቆርጥ በጠመኔው መስመር ላይ አትቆርጥም፤ ከመስመሩ ሁለት ጣት ወጣ ብላ ለስፌት ትርፍ ትተዋለች። ደንበኛ ይወፍራል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ትርፉ ይፈታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ለብሶት ሳታየው የመጨረሻውን ስፌት አትሰፋም። ለጊዜው በረጃጅም ክር ሻጥ ሻጥ አድርጋ ታያይዘውና ታለብሰዋለች፤ «ቁም፣ ቁጭ በል፣ እጅህን አንሳ» ትለዋለች፤ ከዚያ ነው የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጠው። ሙሽራም ብትሆን ዳኛም ቢሆን ከዚህ የሚያመልጥ የለም።

የመብራቱ መላ የተገኘው በማግስቱ ነው። ለአንድ ሆቴል የሠራተኞች የደንብ ልብስ ልታስረክብ ሄዳ፣ ሥራ አስኪያጁን ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ ክፍሉ ወለል ብሎ በርቷል፤ አምፖል ግን የለም። ብርሃኑ ከግድግዳው አናት ወደ ኮርኒሱ ይወጣና ከኮርኒሱ ለስልሶ ይወርዳል። ወንበር ስባ ወጣችበት።

«እመቤት፣ ምን ጠፋዎት?» አለ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ።

«አምፖሉ» አለችው።

ዙሪያውን ግድግዳው ላይ የተጋጠመ ጠባብ መደርደሪያ፣ ከፊቱ እንደ ከንፈር ቀና ያለ ጠርዝ፣ ከከንፈሩ ጀርባ ተጋድሞ የሚያበራ ጥብጣብ። ሜትሯን አውርዳ ለካችው። መደርደሪያው ከኮርኒሱ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይላል፤ ስፋቱ ግማሽ ስንዝር፣ ከንፈሩ ሦስት ጣት። ከወንበሩ ስትወርድ ሥራው በጭንቅላቷ ተቆርጦ አልቆ ነበር።

ባሏ አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ማታ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው።

«ኮርኒሱ ሥር ዙሪያውን መደርደሪያ ትሠራልኛለህ።»

«ምን ሊቀመጥበት?»

«መብራት።»

«መብራት ይንጠለጠላል እንጂ ይቀመጣል እንዴ?»

«ይተኛል። አንተ መደርደሪያውን ሥራ፤ የሚተኛው የእኔ ጉዳይ ነው።»

«ለመቼ?»

«ለቅዳሜ።»

«ለቅዳሜ ከሆነ ከትናንት ወዲያ ነበር የምትነግሪኝ።»

«ከትናንት ወዲያ አባባ መቼ ደወሉና።»

ባሏ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። አማቱን ይወዳቸዋል፤ ቤቱ ውስጥ ስለ እንጨት የሚያወራውን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዓርብ ቀን ኮምፔንሳቶ ጣውላ ሸንሽኖ መጣ። ግድግዳውን በድሪል በሱ፣ ለብሎኑ የፕላስቲክ ፊሸር ከተቱ፣ ባለ ማዕዘን ብረቶቹን በብሎን አሠሩ። እሱ ውሃ ልኩን ያስደግፍና አረፋዋ መሃል ካልቆመች ንቅንቅ አይልም፤ እሷ ታች ቆማ ታቻኩላለች። ያልተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ መደርደሪያውን ቫርኒሽ መቀባት ፈለገ።

«የእኔ እጅ ያረፈበት እንጨት ማብረቅረቅ አለበት።»

«ካብረቀረቀ መብራቱን እንደ መስታወት መልሶ ያሳየናል። ውስጡን ደብዛዛ ነጭ ቀባው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካማረህ ጫማህን ቦርሸው።»

ነጭ ተቀባ።

ድሪሉ ሲያጓራ አዛውንቱ ብቅ አሉ። «ቤቱን ልታፈርሱት ነው?»

«መደርደሪያ ነው፣ አባባ» አለች ልጃቸው።

«እዚያ ላይ? ማን ደርሶ ሊያወርድበት? ለእኔ ብላችሁ ከሆነ ተዉት፤ እኔ እሁድ ሂያጅ ነኝ።»

«ለእርስዎ አይደለም» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። መዋሸት ስለማትችልበት ሁልጊዜም የምትዋሸው ለግድግዳ ነው።

ጥብጣቡን የሸጠላት ባለሱቅ «ስትሪፕ» ይለዋል። በጥቅል የሚሸጥ ነው፤ ጀርባው ሙጫ አለው፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ የብርሃን ፍሬዎች ተደርድረዋል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ሱቁን ሞልቶት ነበር፤ እሷ የምትፈልገው ሞቅ ያለው ቢጫ ግን አንድ ጥቅል ብቻ ቀርቷል። ለካችው። ከሳሎኑ ዙሪያ ጋር ልክክ ይላል፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም። ባለሱቁ እየጠቀለለላት፣ «በየመሃሉ ትንሽ መቀስ ተስላበታለች። እዚያች ላይ ቁረጪው» አላት። ለልብስ ሰፊ ስለ መቀስ መንገር ለሹፌር መሪ ማለት ይህ ነው እንደማለት ነው። በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥብጣቡን የሱቋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። አራት ግድግዳ፣ አራት ቁራጭ። የተሳለችውን መቀስ አየቻት፤ ለእሷ የጠመኔ ምልክት ናት። ከምልክቷ ሁለት ጣት አለፈችና ቆረጠች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንደዚያው። እጇ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራውን ሠራ። ከዚያ ወደ ሳሎን ወስዳ መደርደሪያው ውስጥ አጋደመችው። ሙጫውን አልላጠችም፤ በወረቀት ፕላስተር ብቻ እዚህም እዚያም ያዝ ያዝ አደረገችው። ሳይታይ የሚሰፋ ነገር የለማ።

ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ታውቃለች። በስፌት ቢሳሳቱ ይፈታል፤ ኤሌክትሪክ ግን መፈታት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ጎረቤቷን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራችው። ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል፤ በትንሽ ነገር ስለሚቃጠል ነው። ዋናውን ማጥፊያ አወረደ፣ ለጥብጣቡ ኃይል የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር አየር በሚያገኝበት ጥግ አስቀመጠ፣ ሽቦዎቹን አገናኘ፣ ሁለት ጊዜ ፈተሸ። መጋረጃው ተዘጋ። ማጥፊያው ተነሳ።

የመጀመሪያው ግድግዳ በራ። ሦስቱ ድርግም እንዳሉ ቀሩ።

ፊውዝ መሰላሉ ላይ ወጥቶ አየና የጥብጣቡን ጫፍ ይዞ ወረደ።

«እትዬ ሜትር፣ ይሄን ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ።»

«መቀሷን አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ። ሁለት ጣት ትርፍ ተውኩላት።»

«ለምን?»

«ለስፌት ነዋ።»

ፊውዝ ሊቃጠል ጀምሮ መሃል ላይ ሳቅ ቀደመው። «ይሄ እኮ አይሰፋም። ተመልከቺ፣ ከመቀሷ ሥር መዳብ አለ። ማገናኛው የሚነክሰው እሱን ነው። አንቺ ወገቡ ላይ ቆርጠሽው የሚነከስ ነገር የለውም። ከመቀስ እስከ መቀስ አንድ አካል ነው፤ ተጎርዶ አያበራም።»

ባሏ መሰላሉን ተደግፎ ይንፈቀፈቃል። «በቫርኒሽ ስታዋርጂኝ የነበርሽው ሴትዮ የት ሄደች?»

«ሳቅህን ቶሎ ጨርስ፤ ሥራ አለን» አለችው።

መፍትሔው አንድ ነበር፦ የተጎረደውን ጫፍ ሁሉ እስከ ቅርቡ መቀስ መልሶ መቁረጥ። አሁን ልክ በመስመሩ ላይ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆረጠች። ማገናኛዎቹ ነከሱ፤ ግድግዳዎቹ ተራ በተራ በሩ። የተጣለው ቁርጥራጭ ግን ሲደማመር ጥብጣቡን አሳጠረው። የመጨረሻው ጥግ ላይ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ባዶ ቦታ ቀረ፤ ከበላዩ ኮርኒሱ ላይ የጥላ ቁራጭ ተለጠፈ። ባለሱቁ ጋ ደወለች። ቢጫው የለም፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም።

«ለአራቱም ጥግ እናካፍለው» አለ ፊውዝ። «በየጥጉ ትንሽ ትንሽ ቢጎድል ማን ያየዋል?»

«ሁሉም ያየዋል። አራት ቦታ የተጣፈ ልብስ ይሆናል። ጨርቅ ሲያጥር ቅጥያው የሚገባው ብብት ሥር ነው፤ አንድ ቦታ፣ ማንም በማያየው።»

«የሳሎን ብብቱ የት ጋ ነው?» አለ ባሏ።

ለቀልድ ነበር የጠየቀው፤ እሷ ግን ቆማ አሰበችበት። ብብቱ የት እንደሆነ የሚታወቀው ለባሹ የት እንደሚቀመጥ፣ በየት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚያይ ሲታወቅ ነው። ለባሹ ደግሞ መኝታ ክፍል ውስጥ ጋደም ብሏል። ከሐሙስ ጀምራ ያለ ባለቤቱ ስትሰፋ ነበር።

በሩን አንኳኳች።

«አባባ፣ አንዴ ይውጡልኝ።»

«እሁድ ደረሰ እንዴ?»

«ልክዎን ልወስድ ነው። ተሳስቼ ጨርቁ አጠረብኝ።»

«የምን ጨርቅ?»

«የመብራት።»

«ትናንት ለእኔ አለመሆኑን ነግረሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼ ነው። ለእርስዎ ነው። አሁን ደግሞ ያለ እርስዎ መጨረስ አቃተኝ።»

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። አዛውንቱ ሲወጡ እንደለመዱት መዳፋቸውን ቅንድባቸው ላይ ጋርደው ነበር። ትንሽ ገባ አሉ፤ ቆሙ፤ መዳፋቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር በርቷል፤ የሚወጋ ነገር ግን የለም።

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«እሱን በኋላ። መጀመሪያ ይቀመጡ።»

የምታወራው በሱቋ ድምፅ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ለተናገረችው እሳቸውም ታዘዙ። «ወደ ግራ ይዩ። ወደ ቀኝ። ቀና ይበሉ። አሁን ይነሱና ወደ በሩ ይሂዱልኝ።» ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ተጨማደደ።

«እዚህ ጋ ረጅሟን ለቀቀችብኝ።»

ሦስቱም እየሄዱ ቆመው አዩ፤ ምንም አልታያቸውም። ልብስ ሰፊዋ አጭር ናት፤ ባሏና ፊውዝም ቢሆኑ ከአዛውንቱ ትከሻ አያልፉም። ወንበር ላይ ወጥታ ዓይኗን ከአባቷ ዓይን ጋር ስታስተካክል ታያት፤ ከመስኮቱ በላይ ካለው ከንፈር ጀርባ ፍሬዎቹ ራቁታቸውን ተደርድረው ያፈጣሉ። ከንፈሩ ለሆቴሉ እንግዶች ልክ ነበር፤ ለአባቷ አጥሯል።

«እዚያኛው ግድግዳ ላይ ሁለት ጣት ይጨመር» አለች።

«ለስፌት?» አለ ባሏ።

«ለአባባ ቁመት። ነገ ጠዋት ትሠራዋለህ።» ከወንበሩ ወረደች። «አሁን ደግሞ ይቺ ጨለማ ቁራጭ የት ትሁን? ከእርስዎ መቀመጫ በላይ ብናደርጋትስ፣ አባባ? ለዓይንዎ ጋብ ይልልዎታል።»

አዛውንቱ ሄደው ተቀመጡ።

«ከጨለማ አውጥተሽ ጨለማ ልታለብሺኝ ነው?»

«ዓይንዎን እንዳይወጋዎት ብዬ ነው።»

«ዓይኔን ተይው። የምሄደው አምፖሏን ፈርቼ መሰለሽ? ስንት ዘመን ረጅም መብራት ሲለቀቅብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ በወጣሁ ቁጥር አንዱ ሮጦ ያጠፋል፤ ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ ኩሽና ትገባለች፤ እናንተ በጨለማ ትቀመጣላችሁ። ለአንድ ተሳፋሪ ተብሎ አውቶቡሱ ሁሉ መብራት አያጠፋም፣ ልጄ። ያ ተሳፋሪ ነው የሚወርደው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፈታችው። የአባቷን ዓይን ነበር ስትለካ የሰነበተችው።

«አሁን የጠፋ መብራት አለ?» አለች በመጨረሻ።

አዛውንቱ ዙሪያውን ቃኙ። የልጅ ልጃቸው መቼ እንደገባች ሳይታወቅ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላ ገጽ ትገልጣለች።

«የለም» አሉ።

«እንግዲያው ቁራጯ የት ትሁን? እርስዎ ይወስኑ።»

እንደ መናኸሪያ ተቆጣጣሪ ጥግ በጥግ ተመለከቱ። «ከጠረጴዛው በላይ አይሆንም፣ ልጅቷ ታነብበታለች። ከበሩ በላይ አይሆንም፣ ሰው ይገባበታል። ከብፌው በላይ አድርጓት። ብፌ አያነብም።»

ፊውዝ ማገናኛዎቹን አዛወረ፤ ባዶው ቦታ ከብፌው በላይ ሆነ። ልብስ ሰፊዋም መሰላሉ ላይ ወጥታ የሙጫውን ልጣጭ እየገፈፈች ጥብጣቡን በአውራ ጣቷ ተጭና አጣበቀችው፤ የመጨረሻው ስፌት ይህ ነው። ራት ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። አዛውንቱ ሳህናቸውን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እስከ ዛሬ ስበላ የነበረው ይሄን ነው?» አሉ። ልጅቷን በሳቅ የጠጣችው ውሃ አነቃት። ስለ እሁድ ግን ማንም አላነሳም፤ ለጉዞ የታሰረው ሻንጣቸው በሩ ጥግ እንደቆመ ነበር። ሴት ልጃቸው በአጠገቡ ስታልፍ አየችው እንጂ አልነካችውም።

ጠዋት ወንድሟ መኪናውን ደጅ አቁሞ ሲገባ የእህቱ ባል መሰላል ላይ ነው፤ ከንፈሩን የሚያስረዝመውን ስስ እንጨት በሁለት እጁ ይዟል። አባታቸው በሩ ጋ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ወደ ኋላ የሚመጣ አውቶቡስ እንደሚያስገባ ረዳት መዳፋቸውን ያወዛውዛሉ።

«ና፣ ና፣ ና... ቁም። ግራህን ከፍ። ቁም አልኩህ እኮ።»

«አባባ፣ እንሂድ?» አለ ልጃቸው። «ሻንጣው ይሄ ብቻ ነው?»

«ቆይ፣ አንድ ብሎን ይቀረዋል።»

አናጢው ብሎኑን አጠበቀ። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ዘግታ ማብሪያውን ተጫነች። አዛውንቱ ከቆሙበት የመስኮቱን ግድግዳ አዩ፤ በእግራቸው ጣት ቆመውም አዩ። የሚያፈጥ ነገር የለም።

«አሁን ሆነ» አሉ።

ልጃቸው ሻንጣውን አነሳ።

«እሱን አስቀምጠው። ነዳጅ አለህ?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ቤቴ ድረስ ሂድና ሬዲዮኔን አምጣልኝ። ካፖርቴንም።» ትንሽ አሰብ አደረጉ። «አልጋዬንም።»

ልብስ ሰፊዋ ማብሪያው ላይ ያለውን ጣቷን አላነሳችም።

«አልጋው እኮ በእኔ መኪና አይገባም፣ አባባ» አለ ወንድሟ።

«ፍታው። አናጢ ቤት ነው ያለሁት፤ እዚህ ይገጠማል።»